ከኮባ ፈንታ የተቆረጠው ጎደሬ

በጓሮዬ፣ ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ የእህል እጣቢ የሚፈስበት ቦታ አለ። አሁን ባዶ ነው። እስከ መስከረም ድረስ ግን ከወገቤ በላይ የቆመ ጎደሬ ነበረበት። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ዝናብ ሲያርፍበት ውሃው እንደ ብይ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ አያረጥበውም። የሰፈሩ ልጆች የዝሆን ጆሮ ይሉታል። ያመጣችው ሚስቴ ናት። ከሞተች ወዲህ በእጇ ካሳደገችው ነገር በሕይወት የቀረኝ እሱ ነበር፤ የእኔም ድካም እሱ እንዳይሞትብኝ ነበር። ውርጭ ገደለብኝ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ውርጭ አልገደለውም።

አሰላ የጎደሬ አገር አይደለም። ጎደሬ ሙቀት ይወዳል፣ እርጥበት ይወዳል። እዚህ እርጥበቱ አለ፣ ሙቀቱ የለም። ጥቅምት ሲገባ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ድንቹን ያቃጥላል፤ ሰው እንኳ ጆሮውን ተሸፋፍኖ ነው የሚወጣው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ትራክተር ነጂ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲያ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ፊርማዬን ነው። በወጣትነቴ ለሥራ ከጅማ ወዲያ ተልኬ ሳለ አገኘኋትና ይዣት መጣሁ። ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ቋጥራ ነበር። ዘመዶቼ ቋጠሮውን ሲያዩ ወርቅ መሰላቸው። ሲፈታ ጭቃ የለበሰ ኮረት የሚመስል ነገር ወጣ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሏት።

«ጎደሬ ነው። የእናቴ ጓሮ።»

ሳቁባት። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሷ ዝም ብላ ወሰደችና ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተከለችው። ግድግዳው ከውስጥ በኩል ምድጃው የሚነድበት ስለሆነ ከውጭም ሞቅ ይላል። ስንዴና ሩዝ የታጠበበት ውሃ እዚያው ይፈሳል፤ ሳሙና ያለበትን ውሃ ግን ሌላ ቦታ ነበር የምትደፋው።

የመጀመሪያው ዓመት ክረምቱን ሙሉ አደገ። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተኝቷል። እኔ አለቀለት አልኩ። እሷ ዶማ አንሥታ ቆፈረች፤ ሥሩ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ውርጭ ቀድሟት አያውቅም።

አሠራሯን ልጻፈው፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለምና። ጥቅምት ውስጥ ሰማዩ ደመና አጥቶ የጭላሎ ራስ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ከሰዓት በኋላም ነፋሱ ቀጥ ሲል፣ ያን ሌሊት ውርጭ አለ ማለት ነው። ሳይመሽ ቅጠሉን ቆርጣ ሥሩን ታወጣዋለች። መካከል ላይ ትልቋ ሥር አለች፣ እናትየዋ እሷ ናት። ዙሪያዋን ትንንሾቹ ተለጥፈው ይገኛሉ፣ እነሱን ልጆች ትላቸው ነበር። ልጆቹን በእጇ ጠምዘዝ አድርጋ ትገነጥላቸዋለች፤ በቢላ አትነካቸውም። የተገነጠለበትን አመድ ትቀባዋለች፣ ጥላ ላይ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ ከገብስ ገለባ ጋር በቅርጫት አድርጋ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ትሰቅለዋለች። ወደ እሳቱ ከቀረበ ይበስላል፣ ወደ በሩ ከራቀ ብርድ ያገኘዋል። ሚያዝያ ሲጠባ አውርዳ በእርጥብ ጆንያ ትሸፍነዋለች። ዓይን ሲያወጣ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋ፣ የደረቀ እበት ከሥሩ አልብሳ ትተክለዋለች።

በዚህ ብርድ ሥሩ ከቡጢ አይበልጥም፤ አንድም ቀን ቀቅለን በልተነው አናውቅም። ለቅጠሉ ነበር። ጠዋት ፊቷን ታጥባ እስኪደርቅላት ድረስ እዚያ ትቆማለች። ምን እንደምታይ ጠይቄያት አላውቅም። ልጆቹን ደግሞ ለጎረቤትም ለእንግዳም ትሰጣለች። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር ይሁን ነርስ፣ ሰፈራችን ቤት ከተከራየ አንድ የጎደሬ ልጅ ይደርሰዋል። ስትሰጥም አንድ ነገር ብቻ ታስጠነቅቃለች። «ጥሬው ያሳክካል። ቅጠሉም፣ ፈሳሹም። አፍ እንዳይነካ።»

አምና በመስከረም ሞተች። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ የምትለኝ «ውርጩ ሳይመጣ አውጣው» ነበር። ማን ያበላሃል፣ ማን ያጥብልሃል አላለችኝም። አወጣሁት። አመድ ቀባሁት፣ ሰቀልኩት፣ በሚያዝያ አወረድኩት፣ ተከልኩት። ዘንድሮ ክረምት የወጣው ቅጠል እሷ እያለች ከነበረው ይበልጥ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ክረምቱ ጥሩ ነበር።

ሙት ዓመቷ ደረሰ። ልጄ ከአዳማ መጣ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ያለን እሱ ብቻ ነው። በዋዜማው የእድሩ ሴቶች ድፎ ዳቦ ሊጋግሩ ግቢያችን ገቡ። አለቃቸው ጎረቤቴ ናት። አጥር እንጋራለን፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ሚስቴም እንደ ታናሽ እህቷ ነበር የምታያት። በሰፈራችን ለቅሶም ይሁን ሠርግ ያለ እሷ ዳቦ አይጋገርም።

ድፎ ዳቦ ደግሞ ያለ ኮባ አይጋገርም። ሊጡ ከላይም ከታችም ኮባ ካልለበሰ እኛ ሰፈር ዳቦ አንለውም። ድሮ ኮባ የምንቆርጠው ከጎረቤቴ አጥር ጥግ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ አጥሩ ወደ ውስጥ ገባ፣ ኮባው ሄደ። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ሳጉሬ ያለ የማውቀው ገበሬ ጋ ሄጄ ኮባ ላመጣ ተነሣሁ። ልጄ እኔ ልሂድ አለ። ገበሬው አንተን አያውቅህም ብዬ እምቢ አልኩ። ኮባውን ወዲያው ቆርጦ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ረዳቱ «አሁን እንወጣለን አባቴ» እያለ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ደረሰች።

ኮባውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግቢ ስገባ የዳቦ ሽታ ተቀበለኝ።

«ጋሼ መጡ!» አለች ጎረቤቴ፣ እጇን በቀሚሷ እያሸች። «ምነው ቆዩ? ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊገነፍልብን እኮ ነው!»

«በምን ጋገራችሁት?»

«እግዜር አላሳጣንም። ጓሮው ሙሉ ቅጠል አይደል እንዴ?»

ወደ ጓሮ ዞርኩ። አንድ ቅጠል አልቀረም። ዘንጎቹ ብቻ ቆመው ከተቆረጡበት ውሃ ያንጠባጥባሉ። ኮባውን መሬት ላይ ጣልኩት።

«ማነው ቁረጡ ያለው?»

ልጄ ለነገው ከተተከለው ድንኳን ወጣ። «እኔ ነኝ አባዬ። ቅጠል ነው፣ ይበቅላል።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«ለእናቴ ሙት ዓመት አይደል እንዴ? ለማን ሊቀመጥ ነው?»

ልጄ ማዕድ ቤት ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ቅጠል የሚያውቀው ልጅ ሆኖ በዝናብ ጊዜ ራሱ ላይ ይዞት መሮጡን ነው። እናቱ ስታየው ጮኻ ትነጥቀው ነበር፤ ያንን ግን ረስቶታል።

«ይኸ ዳቦ አይበላም» አልኩ። «ያሳክካል።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጎረቤቴ ሳቀች። «አይ ጋሼ! የሰፈሩ ልጆች ለዝናብ መከለያ አንድ ቅጠል ሲለምኑዎትም ያሳክካል ነበር የሚሉት። ዛሬም፣ እሳት ካየ በኋላ፣ ያሳክካል?»

ሁሉም ሳቁ። ሊጡን ቅጠል የምታለብሰው ሴትዮ ግን ክንዷን ታክክ ነበር።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታክኪው?» አልኳት።

«ሳማ ነክቶኝ ነው» አለች።

«ሳማ የት አለ እዚህ ግቢ?»

«ጋሼ፣ ይተዉን እስቲ» አለች ጎረቤቴ፣ አሁን ሳቋን ትታ። «ሊጡ አይጠብቅም። ዱቄቱ አልቋል፣ ሌላ ከየት ላመጣ ነው? ማል ጎና?» እኔም እሷም ሲጨንቀን ኦሮምኛው ይቀድመናል። ምን እናድርግ ማለቷ ነው። ምን እንደምታደርግ ነገርኳት፤ ጣይው አልኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝና እሳቱን ቆሰቆሰች።

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞላ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ሊቆርሱ ሲሉ ተነሥቼ «ዳቦውን አትብሉ፣ አፍ ያሳክካል» አልኩ። የእድሩ ዳኛ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። «ኧረ ነውር ነው! በእሷ ቀን?» አለኝ በጆሮዬ። ሽማግሌው ስለ ቅጠሉ ተናዶ ነው ተባለ። ዳቦው ዞረ። እኔ አልቀመስኩም። በገዛ ሚስቴ ሙት ዓመት ዳቦ ሳልቀምስ ዋልኩ፤ እሱም ራሱ ወሬ ሆነ።

ብዙም አልቆየም። መጀመሪያ ጉሮሮ መጥረግ ነበር፣ ከዚያ ሳል። ቅርፊቱን የወደዱት ባሰባቸው፣ ቅጠሉ የነካው እሱን ነውና፤ የዳቦው እሳት ፈሳሹን አላጠፋውም። አንዲት አሮጊት ከንፈሯ አበጠ። አንዱ ምላሴን መርፌ ወጋው አለ። ሴቶቹ ወተት ፍለጋ ሮጡ። ለክፉ የሰጠው ሰው አልነበረም፣ ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ የተቆረሰ ዳቦ በየሰሃኑ ቀረ።

ትናንት ተናግሬአለሁ፣ ዛሬም ተናግሬአለሁ። ታዲያ ጥፋተኛ ማን የሚባል ይመስላችኋል? ቀድሞ የጮኸችው ጎረቤቴ ናት። «መርዝ ግቢያቸው ተክለው ለሰው አይናገሩም!» አለች፣ ገና በሩን ሳትወጣ። ገብቶኛል፤ ዳቦውን የጋገረችው እሷ ናት፣ ስሟ ሊጠፋ ነው። ስሟን ለማዳን የእኔን ወሰደች። ይሄን ያህል እችለዋለሁ። በማግሥቱ ግን ወሬው ወደ ሚስቴ ዞረ። «ከቆላ ቋጥራ ያመጣችው እኮ ነው። ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?» ተባለ። መድኃኒት ነው ያሉም አሉ። በእጇ ለየቤቱ የሰጠቻቸው ሰዎች ናቸው ይህን ያሉት።

የድንኳኑን ብረት ለእድሩ መልሼ ስመጣ ልጄ ጓሮ ቆሞ እጁን ይታጠባል። ቦታው ተቆፍሯል።

«የት አደረግከው?»

«የቆሻሻ ጋሪ ሲያልፍ ሰጠሁት።»

«እናትየዋንም?»

«የቷን እናት?» አለ። ስለ ሥር እንደማወራ አልገባውም።

«ልጆቹንስ?»

«አባዬ፣ ሁሉንም። ሰው የሚለውን አልሰሙም? እኔ ነገ እሄዳለሁ፣ እርስዎ ከዚህ ሰው ጋር ነው የሚኖሩት። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ?»

«ታዲያ ለማን ብዬ?»

መምታት ያማረኝ ነበር፤ እድሜው የሚመታ አይደለም፣ እኔም የምመታ አይደለሁም። በማግሥቱ ጉንጬን ስሞ ወደ አዳማ ሄደ። እሱ ከመንገዱ ሳይታጠፍ እኔ በእጄ አፈሩን እያበጠርኩ ነበር። ሾፌር ቢሆንም ቁፋሮ ያውቃል፤ ምንም አላስቀረም። ዶማው የጨረፈው አንድ ቁራጭ አገኘሁና አመድ ቀብቼ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ሸተተ።

ከዚያ ሚስቴ ከሰጠቻቸው ቤት አንዱን ልለምን ሰፈሩን ዞርኩ። በየደጁ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው። ነቀልነው፣ ጣልነው፣ ልጆች አሉን። አንዱማ «እሳት ለቀቅኩበት» አለኝ፣ ጀግንነት ይመስል። ሚስቴ ለጎረቤቴም ተክላላት ነበርና በአጥር ላይ ጠየቅኳት። «እኔማ ያን ዕለቱኑ ነው የነቀልኩት» አለች፣ ዓይኔን ሳታየኝ።

የእሷ ትልቁ የዳቦ ብረት ድስት እኔ ቤት ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን እሱን ይዤ ሄድኩ። በሯ ገርበብ ብሏል፣ ብጣራ መልስ የለም። ከማዕድ ቤቷ ኋላ ላስቀምጥላት ዞርኩ። እጣቢዋ የሚፈስበት ቦታ ላይ አሮጌ ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከቆርቆሮው ጫፍ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ቆርቆሮውን ገለጥ አደረግኩት። ጎደሬ ነው። ቅጠሉ ሙሉ፣ ከሥሩ ደረቅ እበት የለበሰ፣ ልክ ሚስቴ እንደምታደርገው።

ጎረቤቴ ከኋላዬ መጣች። ድስቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች።

«መርዝ ነው ብለሽ አልነበር?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ።»

«ነቀልኩት ብለሽ አልነበር?»

«ልነቅል ወጥቼ ነበር። ዶማውን ይዤ። እሷ በእጇ የተከለችው ነው፣ እንዴት እጄ ይታዘዘኝ?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እዚህች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነው የተከለችልኝ። ባሌ በሞተ ሰሞን።»

«እንግዲያው ለሰው ንገሪያ! ቅጠሉ መርዝ አይደለም፣ እኛ ነን ያለ ቦታው ያዋልነው በይ።»

«እንዴት ብዬ? ከዚያ በኋላ ማን ዳቦ ጋግሪልኝ ይለኛል? እኔ እኮ ያለ እድሩ ሰው የለኝም፣ ጋሼ።»

ዶሮዋ በመካከላችን አለፈች።

«አንድ ልጅ አውጥቼ እሰጥዎታለሁ» አለች በመጨረሻ። «በፌስታል ጠቅልዬ፣ በአጥሩ ሥር አሳልፋለሁ። ማንም አያይም። እርስዎም ከቆርቆሮ ኋላ ያድርጉት።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እሺ ይል ነበር፣ አውቃለሁ። ተክሉን ነበር የፈለግኩት፣ ይኸው ተክሉ። ሚስቴ ግን ይህን ነገር በነጠላዋ ቋጥራ በጠራራ ፀሐይ በፊት ለፊቱ በር ነው ይዛው የገባችው። ሲስቁባትም አልደበቀችውም። እኔ ደግሞ እንደ ሌባ በአጥር ሥር ልቀበለው?

«በበሩ አምጪልኝ» አልኳት። «በቀን። ሰው እያየ፣ በእጅሽ ይዘሽ።»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ተይው።»

«ጋሼ፣ ምናለበት? እልህ ነው እኮ።»

«አዎ፣ እልህ ነው» አልኳትና ድስቷን መሬት አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እኔ ጓሮዬ ስቆም ከአጥሩ ወዲያ የቆርቆሮው ጫፍ ይታየኛል። ትጠብቀኝ ነበር መሰለኝ፣ አንዳንድ ቀን በሩ ድረስ መጥታ ትመለሳለች። ባዶ እጇን ነበር። ባዶ እጇን ከመጣች ለሰላምታ ብላ ነው ብዬ አልወጣሁላትም።

ጥቅምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠራ። የጭላሎ ድንጋዩ ሁሉ ይቆጠራል። ነፋሱ ቀጥ አለ። ከጓሮ ወጥቼ የጎረቤቴን ቆርቆሮ አየሁ። ጎረቤቴ መትከል ነው የተማረችው። ሚስቴ እያለች በየዓመቱ ጥቅምት አጥሩን ዞራ ሄዳ የሷንም የምታወጣላት፣ ቆጧ ላይ የምትሰቅልላት ራሷ ነበረች። አምና ሁለቱንም ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ይህች ሴት የውርጭ ቀን ከሌላው ቀን በምን እንደሚለይ አታውቅም፤ ጠይቃም አታውቅም።

ዝም ብል ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። እናትየዋም ከነልጆቿ መሬት ውስጥ ትበሰብሳለች። ከዚያ በአሰላ ውስጥ ሚስቴ የተከለችው ነገር የለም። ብናገር ግን በእልሄ ለራሴ የከለከልኩትን ነገር በእጄ ለሌላ ሰው ማቆየቴ ነው። እዚያው ቆሜ ፀሐይዋ ከጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ስትንሸራተት አየሁ።

አጥሩ ጋ ሄድኩ። «አንቺ!» አልኩ።

ከማዕድ ቤቷ ወጣች። «አቤት ጋሼ!» ደስ ብሏት ነበር፣ ድምፅዋ ያስታውቃል።

«ዛሬ ውርጭ አለ። ሳይመሽ አውጪው። ልጆቹን በቢላ እንዳትነኪ፣ በእጅሽ ጠምዝዘሽ ገንጥይ። አመድ ቀቢው። ገለባ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ከምድጃው በላይ ስቀይው። እንዳይጠጋ፣ እንዳይርቅ።»

«ገባኝ።» ወደ አጥሩ ተጠጋች። «ጋሼ፣ አንዱን ላሳልፍልዎት? አሁን በአጥሩ ሥር፣ ማንም—»

«በበሩ ነው ያልኩሽ።»

ከአጥሩ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የዶማዋ ድምፅ ተሰማኝ። ቆሜ አዳመጥኩ፤ ወደ ሥሩ በጣም ተጠግታ እንዳትቆፍር ልነግራት አስቤ ነበር፣ ግን ደህና አድርጋ ከሩቅ ነው የጀመረችው። ሲጨልም ገባሁ።

ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር። በአጥሩ ላይ አየሁ፤ ቆርቆሮው ወድቋል፣ ከኋላው የተቆፈረ አፈር አለ። አውጥታዋለች። አሁን ቆጧ ላይ ተሰቅሏል፤ ጭስ ከጣሪያዋ ሲወጣ አየዋለሁ፣ እሳቷን በደንብ ታነዳለች። በሚያዝያ አውርዳ በእርጥብ ጆንያ እንድትሸፍነው አልነገርኳትም። ጊዜው ሲደርስ እነግራታለሁ። እሷም እስከዚያ በሬን ታውቀዋለች፤ ከመንገዱ ፊት ለፊት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

እጣቢውን ግን አሁንም እዚያው ባዶው ቦታ ላይ ነው የምደፋው። ሳሙና ያለበትን ሌላ ቦታ።